ዓይን ጨፍኖ አምስት ደቂቃ

ሰኞ፣ ወር በገባ በ3

ዛሬ ካልጻፍኩ ሰው ላይ እጮሃለሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ጠዋት አለቃዬ፣ ዶክተሩ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ከኋላዬ መጥቶ ቆመና፣ "ያ አሥራ አራት ቁጥር ይውጣ" አለኝ።

"ለምን?"

"ቀረጻው ተበላሽቷል። ልጁ ሲነቃነቅ ነው ያለቀው።"

ሲነቃነቅ! እኛ እኮ የምናጠናው የሚነቃነቁ ልጆችን ነው። ዋናተኛ እናጠናለን ብሎ ወጥቶ የረጠበውን ሁሉ ማባረር ማለት ነው።

ለደብተሩ ላስረዳው፤ ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኛል። ሥራዬ የአንጎል ሞገድ መቅረጽ ነው። ልጁ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሽቦ የተገጠመበት ቆብ አጠልቅለታለሁ፣ በየቀዳዳው ጄል እጨምራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ምንም አይሠራም። አምስት ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ፣ አምስት ደቂቃ ዓይን ገልጦ። "እረፍት" ነው የምንለው። ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ያለባቸው ልጆች አንጎል ምንም ሳይሠራ ሲቀመጥ ከሌሎች ልጆች አንጎል በምን ይለያል? ጥያቄው ይኸው ነው። አርባ ልጅ ከእነዚህ፣ አርባ ከእነዚያ። ልጁ አንገቱን ካዞረ ወይም ጥርሱን ካፋጨ የጡንቻው ግርግር ስክሪኑ ላይ ይመጣና የአንጎሉን መስመር ይውጠዋል።

አሥራ አራት ቁጥር ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቱ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ፈረቃ ለምና ተለዋውጣ ነው ያመጣችው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ልጁ ግራ እጁን በቀኝ እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

"ምን ሆንክ ጎበዝ?" አልኩት።

"እንዳይሄድብኝ ይዤው ነው።"

ዶክተሩ ይህን አላየም። እሱ የሚያየው መስመር ነው።

አወጣሁት። አዎ። ቁልፉን የተጫነችው የኔ ጣት ናት።

ሐሙስ፣ በ6

ምሳ ሰዓት። ቶሎ ቶሎ።

ከልጄ ትምህርት ቤት ተደወለ። ጠረጴዛ ላይ ቆማ ተገኘች አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ። "ነገ ከወላጅ ጋር ካልሆነ እንዳትመጣ።" ሁለተኛ ክፍል ናት! ስምንት ዓመቷ! ጠረጴዛ ላይ ያልቆመ ልጅ ልጅ ነው?

የመቅረጫ ክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ጠፋ። በዚህ ሳምንት ሁለተኛ ጊዜ። እዚህ መሥሪያ ቤት የሰው ዕቃ የሚነካካ አለ።

ዓርብ፣ በ7

ልጄን ቤት ውስጥ ፌንጣ ነው የምንላት። አማቴ ናት ያወጣችላት፤ መሬት በነካች ቁጥር ትዘላለች ብላ። በፍቅር ነው የምንላት። ዛሬ ርዕሰ መምህሯ ፊት ሚስቴ አምልጧት "ፌንጣ" ስትል ግን ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች፤ ማስረጃ እንዳገኘ ዳኛ።

"ልጃችሁ ብሩህ ናት" ብላ ጀመረች። ሰው ሲያመሰግንህ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠብቅ። ያልተጨረሰ ሥራ፣ በየቀኑ የሚጠፋ እርሳስ፣ ያልተጠየቀችውን መመለስ፣ ተራ አለመጠበቅ። "አትቆጡኝና ለባለሙያ ብታሳዩዋት ጥሩ ነው።"

"ለየትኛው ባለሙያ? ባለሙያው እኮ እኔ ነኝ!" አልኳት። "እንደዚህ ያሉ ልጆች በቀን አራት እቀርጻለሁ። የኔ ልጅ ከእነሱ አይደለችም።"

ወጥተን በሩ ሳይዘጋ ለጸሐፊዋ ስትነግራት ሰማሁ፦ "አባትየው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላስጨረሰኝም።" ሰው ሲንዛዛ ምን ላድርግ? መጨረሻውን ካወቅሁት ለምን እጠብቃለሁ?

ሚስቴ መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ቀድማ ተራመደች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ንዴቷም እንደ መርፌዋ ነው፣ አንዴ ይወጋና ይወጣል። ደጃፋችን ስንደርስ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ብላኝ ገባች።

ለኔ ተረት!

ሰኞ፣ በ10

ሁለት ወጡ። ሃያ አንድና ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት ስታዛጋ ነበር። ማዛጋትም ወንጀል ሆነ።

"ዶክተር፣ እርስዎ አያዛጉም?" አልኩት።

"እኔ ጥናቱ ውስጥ የለሁበትም" አለኝ። አልሳቀም።

ረቡዕ፣ በ12

እራት ላይ ሚስቴ፣ "ቅረጻት" አለች። "መሣሪያው በእጅህ፣ ልጅቷ በእጅህ።"

"ሞገድ ብቻውን ችግር አለ ወይም የለም አይልም። ስንቴ ልንገርሽ?"

"እሺ፣ አለ ወይም የለም የሚል ሰው ጋ እንውሰዳት።"

"ምንም የላትም አልኩ እኮ!"

ፌንጣ ከወንበሯ ተነስታ አንድ እግሯን መሳቢያው ውስጥ ከትታ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አንድዬ ይወቅ። "እኔ ምንድነው የሌለኝ?" አለች። ሚስቴ ሳቀች። እኔ ጮህኩ። ልጅቷ እግሯን አውጥታ ወደ መኝታ ቤት ሄደች።

ድምፄ ከፍ ማለቱን አልክድም። ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ አባት አምጡልኝ።

ያ የጀመርኩት መደርደሪያ አሁንም በአንድ ብሎን ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ።

ሰኞ፣ በ17

የወጡት ሰባት ደረሱ። ዶክተሩ ጥናቱን በትልቅ ጉባኤ ሊያቀርብ ቀን ተቆርጦለታል። እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ይንጎራደዳል። እያንዳንዱን ቀረጻ በአንድ ዓይኑ አይቶ "ይውጣ" ይላል።

ምን ያህሉን እንደጣልን ጽሑፉ ውስጥ ይገባል ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

"ጥራታቸውን ያላሟሉ ቀረጻዎች አልተካተቱም ብለን እንጽፋለን።"

"ቁጥሩስ?"

"አንተ ቆብ አጥልቅ" አለኝ።

ቆብ አጥልቅ። ስድስት ዓመት ሠርቼ ቆብ አጥልቅ! በአፌ "እርስዎ" እለዋለሁ፤ በሆዴ የምለውን ይህ ደብተር እንኳ አይችለውም።

ሐሙስ፣ በ20

አሁን ደግሞ ጤነኞቹ ጎደሉ። ለማነጻጸሪያው ወገን ሦስት ልጅ ጠፋ፤ ወላጆች ለምን ጤነኛ ልጄን ታስቀምጡብኛላችሁ ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ዶክተሩ ዛሬ ለስለስ ብሎ መጣ። "ያንተ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?"

"ስምንት።"

"ጤነኛ ናት አይደል?"

"ምን ጥያቄ አለው!" አልኩት።

ከአፌ ወጣ። ደግሞስ ለምን አይወጣም? ትቀረጽና ርዕሰ መምህሯም ሚስቴም አፋቸውን ይያዙ።

ቅዳሜ፣ በ22

መጠይቁን ሞላሁ። አሥራ ስምንት ጥያቄ። "የጀመረችውን ሳትጨርስ ትተዋለች?" "ተቀመጪ በተባለችበት ቦታ ትነሳለች?" "ሰው ሳይጨርስ ጣልቃ ትገባለች?" መልሱ በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ። አሥራ ስምንቱንም "አንዳንዴ" አልኩ። የማን ልጅ ነው አንዳንዴ የማያደርግ? አንዳንዶቹ ጥያቄዎች እንዲያውም ሰው ሁሉ የሚያደርገውን በሽታ የሚያደርጉ ናቸው። እኔ ራሴ ስንቱን አደርገዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩ።

ከላይ "ሁለቱም ወላጆች ተመካክረው ይሙሉት" ይላል። ሚስቴ ከግድግዳው ወዲያ ስትሰፋ የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል። ተመካክረናል። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ምን ስናደርግ ነበር?

ማክሰኞ፣ በ25

ለሚስቴ "ሥራ ቦታዬን ላሳያት" ብዬ ነው የወሰድኳት። ውሸት አይደለም። አሳየኋት።

ቆቡን ስታይ ዓይኗ በራ። ሽቦዎቹ ወዴት ነው የሚሄዱት? ጄሉ ይላሳል? ከኔ በፊት ማን ነበር ያጠለቀው? ያሰብኩት ሳይታይ ያልፋል? አንዱን ሳልመልስ ሌላው ይመጣል።

"ዓይንሽን ጨፍኚ። አምስት ደቂቃ።"

አሥራ አምስት ሰከንድ። "አለቀ?"

"አላለቀም። ጨፍኚ።"

ጨፈነች። እግሯ ወንበሩን መምታት ጀመረ። እግርሽን ስላት አፏ ማንጎራጎር ጀመረ። አፍሽን ስላት ጣቶቿ ሽቦ ፍለጋ ሄዱ። ስክሪኑ ላይ አንጎል የሚባል ነገር የለም፤ ማዕበል ብቻ። እና ያ ማዕበል ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ለስድስት ዓመት አይቼዋለሁ።

ለሌላ ሰው ልጅ ድምፄ ማር ነው። "ጎበዝ፣ ትንሽ ቀረን፣ ባይሆንም እንደግመዋለን" እላለሁ። ወላጆች ልጃቸውን ሲቆጡ "ተዉት፣ አያፍር" የምል እኔ ነኝ። ዛሬ ግን አገጯን ያዝኩና ፊቷን ወደኔ አዞርኩ፦ "አንዴ እንኳ! አንዴ እንኳ እንደ ሰው መቀመጥ አትችይም?"

ጠበቅ አድርጌ የያዝኳት ቆቡ እንዳይንሸራተት ነው።

ከዚያ በኋላ ረጋች። ድንጋይ ሆነች። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ድምፅ ሳታሰማ ከተጨፈኑት ዓይኖቿ ሥር እንባ ይወርዳል፣ መስመሩ ግን ንጹሕ ነው። ከሱ ይበልጥ የሚያምር ንጹሕ መስመር በዚህ ወር አልቀረጽኩም።

ስዞር ትኬት ቆራጯ፣ የአሥራ አራት ቁጥር እናት፣ በሩ ላይ ቆማለች። ውጤት ልትጠይቅ መጥታ ነው፤ በሩን ማን ክፍት እንደተወው አላውቅም። ልጄን አየች፣ እኔን አየች።

"ወንድሜ፣ ለኔ ልጅ 'አይዞህ፣ አትጨነቅ' ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ምን ፈልገው ነው?"

"የልጄ ውጤት ደረሰ?"

"ገና ነው" አልኳት።

ረቡዕ፣ በ26

ዶክተሩ የልጄን ቀረጻ አየ። ይጥለዋል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲጥለው ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

"የመጨረሻዋ ቁራጭ ንጹሕ ናት። እሷን ቆርጠህ ከጤነኞቹ ጋር አስገባት፤ ይበቃናል።"

ደሜ ፈላ። እሱ ሲወጣ አሥራ አራት ቁጥርን ከመጠባበቂያ ቅጂው አወጣሁና በሰከንድ ለካሁት። ያ እጁን የያዘው ልጅ ንጹሕ ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ አለው። ከልጄ ይበልጣል! እሱ ተጣለ፣ የኔዋ "ጤነኛ" ተብላ ገባች።

ቆርጬ አስገባኋት። ስሟን አይደለም የሚጽፉት፣ ቁጥር ነው። ሠላሳ ስምንት።

ዓርብ፣ በ28

አሥራ አንድ ወጥተዋል። ከአሥራ አንዱ አራቱ ሁለት ደቂቃና ከዚያ በላይ ንጹሕ ቀረጻ አላቸው። ሦስቴ ቆጠርኩ።

ፌንጣ ከማክሰኞ ጀምሮ ሳላወራት አታወራኝም። ሳወራት "እሺ" ትላለች። እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሚስቴ "ምን አድርገሃት ነው?" አለችኝ።

"ምንም።"

እሑድ፣ በ30

ነገርኳት። መጠይቁን፣ ቀረጻውን፣ አገጯን። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ አፌ ነው፣ ከኔ ቀድሞ ይሄዳል።

ሚስቴ የስፌት መኪናውን አቆመች። 

"ስለ ልጄ ዋሽተህ ጻፍክ?"

"አንዳንዴ ነው ያልኩት።"

"አንዳንዴ?" አለች። "ጠዋት አንድ ካልሲ ለማልበስ ስንት ጊዜ እንደምጠራት ታውቃለህ? አራት፣ አምስት። የቤት ሥራዋን ከጎኔ አስቀምጬ በየመስመሩ ጣቴን ካላሳረፍኩ አትጨርስም። ስታለቅስ 'እማዬ እኔ ደደብ ነኝ?' ብላ እኮ ነው የምታለቅሰው። አንተ የት ነህ? አንተማ የሰው ልጅ ስታባብል ነው የምትውለው።"

መለስኩላት። ክፉ ክፉ መለስኩላት፣ እዚህ አልጽፈውም። እሷም መኪናዋን መልሳ አስነሳች፤ እስክተኛ አላቆመችም።

በማን እንደተናደድኩ መለየት አቃተኝ። ተራ ይዘው ነው የሚመጡብኝ።

ረቡዕ፣ አዲስ ወር በገባ በ3

ዶክተሩ ክፍል ገባሁ። አላንኳኳሁም። አሥራ አራት ቁጥር ሁለት ደቂቃ ከአሥር፣ የኔ ልጅ አንድ ደቂቃ ከአርባ፣ ይህ ምን ዓይነት ሚዛን ነው አልኩት። አሥራ አንዱ ልጆች ይቆጠሩ፣ መውጣታቸው ይጻፍ፣ ሚዛኑ አንድ ይሁን አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። "መቀመጥ የማይችለውን ልጅ በምን ልለካው? መንገድ ካለህ ንገረኝ።"

መንገዱን እኔም አላውቀውም። ያ ይበልጥ አናደደኝ። "ቢያንስ አለመቻልዎን ይጻፉ!" አልኩ። ከዚያ ያልጠየቀኝንም ተናገርኩ፦ "ልጄም ትውጣ። መጠይቋን በውሸት ነው የሞላሁት።"

መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "የራስህን ልጅ ቅጽ በውሸት ሞልተህ፣ አንተ ነህ እኔን ስለ ሚዛን የምታስተምረኝ?" አለ።

እውነት ከጠላት አፍ ስትወጣ እንዴት ትመራለች።

"ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ" አለ፣ "መጀመሪያ የሚወድቀው አንተ ነህ።"

ሐሙስ፣ በ4

ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጻፍኩ። አንድ ገጽ። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት፣ ቀጥሎ አሥራ አንዱን። አራት ጊዜ ጻፍኩት፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የራሴ ጥፋት ከገጹ ግርጌ ነበር።

ሚስቴ አነበበችውና "ፊደል ገድፈሃል" ብላ መለሰችልኝ።  ኮቴን ግን ከመስቀያው አውርዳ ሰጠችኝ።

ማክሰኞ፣ በ16

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሦስት ሰዎች። ሰብሳቢዋ አንዲት ሸምገል ያሉ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው።

"መጠይቁን ሲሞሉ ውሸት መሆኑን ያውቁ ነበር?" አሉኝ።

"አንዳንዴ የሚለው ቃል..." ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብለው አዩኝ። "አውቅ ነበር" አልኩ።

ውሳኔው፦ አሥራ አንዱ በሙሉ በጽሑፉ ይቆጠራሉ፤ አራቱ ይመለሳሉ፤ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ይወጣል፤ ጥናቱ ለጉባኤው አይደርስም። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከልጆች ክፍልም መነሳት። ከሰኞ ጀምሮ የአዋቂዎችን ልብ እቀርጻለሁ። ለዶክተሩ ምንም። ጉባኤው ማምለጡ ብቻ።

ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። "ደስ አለህ?" አለኝ።

ደስ አላለኝም። ደስ እንዳላለኝ እንዳያይ ፈጥኜ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ በ18

ከመነሳቴ በፊት ለአራቱ ወላጆች እንድደውል ተፈቀደልኝ። ትኬት ቆራጯን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኳት። ከኋላዋ የአውቶቡስ ጡሩምባ ይሰማል።

ሁሉንም ነገርኳት፤ የልጅዋ ቀረጻ ተጥሎ እንደነበር፣ የጣልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ "ገና ነው" ያልኳትም ውሸት እንደነበር።

"ውጤቱ ሲዘገይ ልጄ ወር ሙሉ 'ትንሽ መጠንከር ነበረብኝ' ሲለኝ ነው የከረመው" አለች። "በል አሁን ለሱ ራስህ ንገረው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደውል።" ዘጋችው።

አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩ። ልጁ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ "ታዲያ ጥፋቱ ያንተ ነበር?" አለኝ።

"አዎ።"

"እሺ" አለ። "ለእማዬ እነግራታለሁ።"

ማንም እንደዚህ በአጭሩ ፈርዶብኝ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ በ27

ፌንጣን ሚስቴ ወዳስያዘችልን የልጆች ባለሙያ ወሰድናት። ሴትዮዋ ማሽን የላትም። ወንበር፣ ወረቀትና ጆሮ ብቻ። መጠይቁን እንደገና ሞላን፣ አሁን ሁለታችንም፤ ሚስቴ ታነባለች፣ እኔ አከብባለሁ። አንዱ ላይ እጄ ሲያመነታ ሚስቴ "ሁልጊዜ" አለች። ሁልጊዜ አልኩ።

ከዚያ ባለሙያዋ ጠየቀችን፦ "ከቤተሰቡ በልጅነቱ እንደሷ የነበረ ሰው አለ?"

"የለም" አልኩ። ጥያቄው ገና ሳያልቅ ነው የመለስኩት። ሚስቴ መስኮት መስኮቱን አየች። ባለሙያዋ ጻፈች።

ፌንጣ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ እግሮቿን አየር ላይ ታጋጭ ነበር። ማንም ተነሺ አላላትም። ባለሙያዋ ወደሷ ጎንበስ አለች፦ "አንቺስ? ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ምንም አትሥሪ ሲሉሽ ምን ይሆናል?"

ልጄ ወደኔ አየችና ዓይኗን መለሰች። "ሁሉም ሰው ዝም ሲል" አለች፣ "ጭንቅላቴ አሁን የኔ ተራ ነው ይላል። ከዚያ ሁሉንም በአንዴ ማውራት ይጀምራል። እኔ ዝም በል እለዋለሁ፣ እሱ አይሰማኝም። ከዚያ አባዬ እኔን ይቆጣኛል።"

ስድስት ዓመት የልጆችን እረፍት ቀርጬ አንዱንም ልጅ ይህን ጠይቄው አላውቅም።

ባለሙያዋ አመስግና የሚቀጥለውን ቀጠሮ መጻፍ ጀመረች። እኔ ስለ አንድ ቤት አሰብኩ፤ ስለ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ፣ የቤት ሥራው እስኪያልቅ ወገቡን ከወንበሩ ጋር በሻሽ አስሮት ስለሚሄድ አባት፣ ወንበሩን ከነራሱ እየጎተተ እስከ በሩ ስለሚሄደው ልጅ። ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ባለጌ ነበርኩ ብዬ ነበር የማስበው።

"ይቅርታ" አልኳት፣ "ቅድም ያልኩትን ይሰርዙልኝ።"

ብዕሯን አነሳች። "የትኛውን?"

"የለም ያልኩትን።"